መጀመሪያ አልጋውን ያሙቁ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የተከራየሁት አንድ ክፍል ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ነው የምንኖረው፤ ትንሹ ስምንት ወሩ ነው። ከኅዳር ወዲህ ሌሊቱ አላስተኛ ብሎናል። ሂተር ገዛሁ፣ የመብራት ሂሳቡን ግን አልቻልኩትም። አሁን ማታ ማታ ከሰል አስገባለሁ። እናቴ ጠዋት ሲነሱ ራሴን አመመኝ ይላሉ። ብዙ ገንዘብ የለኝም። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሥራዬ ቤት ነው፤ ስለ ጣሪያና ግድግዳው በሰፊው እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ከሰሉ ልንገርዎት። ከሰል ባደረበት ክፍል የተኛ ሰው ጠዋት ራሱን ሲያመው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከሰሉ ውጭ ይደር። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ቢወስዱ ይህን ይውሰዱልኝ። እናትዎንም ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው፤ ማታ ማታ ከሰል ይገባ እንደነበር ለሐኪሙ ይንገሩ። የደም ግፊታቸውንም በዚያው ይለኩላቸው።

ጋዙ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይንም አያቃጥልም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ አየሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ቢሆን እንኳ ደም ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ነቅቶ ያለ ሰው ሲያዞረው ሊወጣ ይችላል። የተኛ ሰው ግን ማዞሩንም አያውቅም። በየዓመቱ በብርድ ወራት ቤተሰብ ሙሉ በከሰል ታፍኖ አደረ ሲባል የምንሰማው ለዚህ ነው።

«ጭሱ እስኪወጣለት ውጭ አቆየዋለሁ፣ ፍሙ ሲቀላ ነው የማስገባው» የሚል ሰው ብዙ ነው። የሚታየው ጭስ ሄደ ማለት ጋዙ ሄደ ማለት አይደለም። ቀይ ፍምም፣ አመድ ለብሶ ቀስ እያለ የሚከስመው ከሰልም ጋዙን ያወጣሉ። አጠገቡ ውሃ በሳህን ማስቀመጥ ጋዙን አይዘውም። ጨው መበተንም እንደዚሁ። መስኮት ትንሽ ገርበብ ማድረግም ለሚያድር ከሰል ዋስትና አይሆንም።

አንድ ቀን ቤት ውስጥ ያላችሁት ሁሉ አንድ ላይ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካዞራችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ ወይም ጉልበታችሁ ከከዳችሁ በሩን ከፍታችሁ ወዲያው ውጡ። ከዚያ በኋላ 907 ላይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥሩ፣ ወይም ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ይሂዱ። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። ወተት ማጠጣትና ሎሚ ማሽተት ጊዜ ያባክናል።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩም ደረቅ ይሆናል። ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ማታ ግን ምድር የያዘችውን ሙቀት የሚሸፍን ደመና ስለሌለ ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ሰማይ ይበተናል። ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፤ ውርጭ የሚጥልበትም ሌሊት አለ። ሰሜን ሸዋ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ቆርቆሮው ነው። የሣር ክዳን ወፍራም ነው፣ በውስጡም አየር ይይዛል። ቆርቆሮ ግን ከአንድ ሚሊሜትር በታች የሆነ ብረት ነው። ጥርት ባለ ሌሊት የቆርቆሮው ገጽ ከውጭው አየር እንኳ የባሰ ይቀዘቅዛል። ንጋት ላይ ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚለው ውሃም ከዚሁ የመጣ ነው፤ የእናንተው ትንፋሽ ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ውሃ ሆኖ ነው።

ሂሳቡን እንየው። ክፍልዎ አራት በአራት ነው እንበል፤ ጣሪያው 16 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ውስጡን ከውጭው በ10 ዲግሪ አስበልጬ ላሙቀው ቢሉ በራቁት ቆርቆሮ ብቻ ከ1,000 ዋት በላይ ሙቀት ይወጣል። ግድግዳው፣ መስኮቱና የበሩ ሥር ገና አልተቆጠሩም። ሂተርዎ 2,000 ዋት ከሆነና በቀን አምስት ሰዓት ካበሩት በወር 300 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ እንዲጨምር ሆኖ የተሠራ ነው። ሂተሩን ሲያጠፉት ቤቱ ወዲያው ወደ ነበረበት የሚመለሰውም ቆርቆሮው ሙቀት ስለማይይዝ ነው። የከፈሉበት ሙቀት አብዛኛው በጣሪያው ወጥቷል።

የእኔ ምክር ሥራውን ከሌላው ጫፍ መጀመር ነው። መጀመሪያ ሰውየውና አልጋው ይሙቁ። ቀጥሎ ጣሪያው ይሸፈን። ከዚያ ቀዳዳው ይደፈን። የክፍሉን አየር በመብራት ማሞቅ የመጨረሻው ነው፤ ያውም ለአጭር ጊዜ። የተኛ አዋቂ ሰው ከ70 እስከ 80 ዋት የሚሆን ሙቀት ከሰውነቱ ያወጣል። ይህ ሙቀት የሚከፈልበት አይደለም። ከብርድ ልብሱ ሥር እንዳይወጣ መያዝ ብቻ ነው የሚፈልገው።

አልጋ ሲባል ሁላችንም የምናስበው የላዩን ነው። ብርዱ ግን የሚገባው ከሥርም ነው። ስስ ስፖንጅ ፍራሽ ሰው ሲተኛበት ይጨፈለቃል፤ ሙቀት የሚይዘው ደግሞ በውስጡ ያለው አየር ነው። ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው ከሥር ስስ ፍራሽ ብቻ ካለ አንዱን ከሥር ያንጥፉት። ከፍራሹ በታች ካርቶን ዘርግተው ያነጥፉ። የዕቃ መሸጫ ሱቆች ደህና ካርቶን በርካሽ ይሸጣሉ፣ አንዳንዴም በነጻ ይሰጣሉ። አጎዛ ካለ ጸጉሩን ወደ ላይ አድርገው በፍራሹና በአንሶላው መሃል ያንጥፉት። መንዝ ዘመድ ካለዎት ከበግ ጸጉር የሚሠራ ባና ወይም ዝተት ይጠይቁ። የበግ ጸጉር ትንሽ እርጥበት ቢነካው እንኳ ያሞቃል፤ ጥጥ ግን ሲረጥብ ይቀዘቅዛል። በሲሚንቶ ወለል ላይ የሚተኛ ካለ ፍራሹን በጣውላ ከፍ ያድርጉት።

ጋቢው ለሰውነት የቀረበ ይሁን፣ ብርድ ልብሱ ከላይ ይምጣ። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ በየድርቡ መሃል አየር ይይዛል። ከባድ ነገር ከላዩ ከተጫነ ግን ያ አየር ይጠፋል፤ ስለዚህ የክብደት ብዛት አይፈልጉ። ቀን የለበሱትን ልብስ ለብሰው አይተኙ፤ ደረቅ ቢመስልም ላብና እርጥበት ይዟል። የሌሊት ሹራብና ካልሲ ለብቻው ይኑር። እናትዎ ሻሽ ወይም የሱፍ ቆብ አድርገው ይተኙ።

በትንሽ ወጪ ብዙ የሚሠራው ነገር ሙቅ ውሃ ነው። ሁለት ሊትር ውሃ ከ80 ዲግሪ ወደ 35 እስኪወርድ ድረስ 100 ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይለቃል። 2,000 ዋት የሚበላው ሂተርዎ ይህን ያህል ሙቀት በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያወጣዋል፤ እሱ ግን ወደ ጣሪያው ይሄዳል። የውሃው ሙቀት ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ ለሰዓታት ይቆያል። ፋርማሲ የሚሸጠው ወፍራም የላስቲክ የሙቅ ውሃ መያዣ ይሻላል። ከሌለ ክዳኑ የሚጠብቅ ጠንካራ የዘይት ጀሪካን ይሆናል። ሃይላንድ ግን አይጠቀሙ፤ ሙቅ ውሃ ሲገባበት ይጨማደዳል፣ ክዳኑም ይለቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃው ከፈላ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይብረድ። መያዣውን እስከ አፉ ሳይሞሉ ትንሽ ጎደል አድርገው ይቅዱ። ከመዝጋትዎ በፊት ጎኑን ቀስ ብለው ጫን ሲሉት ትርፍ አየሩ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ይዝጉት። ገልብጠው ይፈትሹ፤ ጠብ የሚል ካለ ለአልጋ አይሆንም። በፎጣ ጠቅልለው ከመተኛትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት መሃል አልጋው ላይ ያስገቡት። ሲተኙ ወደ እግር በኩል ይግፉት። እናትዎ ስኳር ካለባቸው ወይም እግራቸው የሚደነዝዝ ከሆነ ገላቸውን አይንካ፤ ቆዳቸው ሲቃጠል ላይሰማቸው ይችላል። ከሕፃኑ መኝታ ደግሞ ልጁ ከመተኛቱ በፊት ያውጡት።

ከሰሉን ከሚያስቀረው መንገድ አንዱም ይኸው ነው። ከሰል ጥሩ ነዳጅ ነው፤ አንድ ኪሎው ስምንት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለው። ስለዚህ ውጭ፣ ደጅ ላይ ያቀጣጥሉት። እራቱ ይብሰልበት፣ ውሃው ይፍላበት፣ ፔርሙዙ ይሞላ። ወደ ቤት የሚገባው ውሃው ይሁን። የከሰሉን ሙቀት አገኙ፣ ጋዙን ውጭ ተዉት ማለት ነው።

ወደ ጣሪያው ልሂድ። አቅም ቢፈቅድ አንድ ነገር ብቻ ሥሩ ብባል ኮርኒስ ነው የምለው። የግድ ችፑድ ወይም ጂፕሰም መሆን አያስፈልገውም። ድሮ አቡጀዴ ወጥረው ኖራ ይቀቡት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የማዳበሪያ ከረጢት ያንን ሥራ ይሠራል። ንጹሕ ከረጢቶችን በጎንና በጎን ይተርትሩ፣ በደንብ ይጠቡ፣ ያድርቁ። ከዚያ አንዱን ከሌላው ጋር በሲባጎ ይስፉ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሽቦ በየግማሽ ሜትሩ ወጥረው ከላዩ ይዘርጉት። ጫፉን በስስ ጣውላ ግድግዳው ላይ ይምቱት። በከረጢቱና በቆርቆሮው መሃል ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍተት ይተዉ። የሚሠራው ያ የታሰረው አየር ነው። ዳር ዳሩ ላይ ክፍት ከሆነ አየሩ ስለሚወጣ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለጫፉ ይጠንቀቁ። በደንብ የተሠራ እንደሆነ በጣሪያ የሚወጣውን ሙቀት ግማሽ ያህል ይቀንሳል። ንጋት ላይ የሚንጠባጠበውም ፊታችሁ ላይ መውረዱን ይተዋል።

አንድ አደጋ አለው፤ ከረጢት እሳት ይወዳል። የአምፖሉ ሽቦና ሶኬት እንዳይነካው ያርቁ። ምድጃ ከሥሩ አይነድበት። የመብራት ገመዱ ያረጀ ወይም የተላጠ ከሆነ ኮርኒሱን ከመሥራትዎ በፊት ኤሌክትሪሺያን ይየው። በዚህ ላይ አይቆጥቡ።

ቀዳዳ ፍለጋው ቀላል ነው። ቀን በርና መስኮት ዘግተው መብራት አጥፍተው ይቁሙ፤ ብርሃን የሚገባበት ሁሉ ብርድም የሚገባበት ነው። ነፋስ ባለበት ማታ ደግሞ ጧፍ አብርተው በበሩና በመስኮቱ ዙሪያ ቀስ ብለው ያዙሩት። መጋረጃ አጠገብ ካለ ይሰብስቡት። ነበልባሉ የሚተኛበት ቦታ መደፈን አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ቀዳዳ ግድግዳው አልቆ ቆርቆሮው የሚጀምርበት ቦታ ነው፤ የቆርቆሮው ሞገድ በየመሃሉ ክፍት ይተዋል። አሮጌ ጨርቅ እየጠቀጠቁ ይዝጉት። ለበሩ ሥር አሮጌ ሱሪ እግሩን ቆርጠው፣ በጨርቅ ሞልተው፣ ሁለት ጫፉን ሰፍተው ማታ ማታ ያጋድሙበት። የላሜራ በር ራሱ ቀዝቃዛ ብረት ስለሆነ ከውስጥ በኩል ወፍራም መጋረጃ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ይስቀሉበት። በመስኮቱ የውስጥ ፍሬም ዙሪያ ወፍራም ላስቲክ ቢለጥፉ በላስቲኩና በመስታወቱ መሃል አየር ይታሰራል።

ሁሉንም ግን አይድፈኑ። አራት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ የሚያወጣው እርጥበት ሊትር ያህል ውሃ ሊሆን ይችላል። መውጫ ካጣ ግድግዳው ይሻግታል፣ የልጆቹም ደረት ይታመማል። ነፋስ በማይመጣበት በኩል፣ ከፍ ብሎ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ትኑር። በዚህ ላይ ቤቱ በተደፈነ መጠን ከሰል የበለጠ ገዳይ ይሆናል። «አሁንማ ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ትንሽ ፍም ትበቃናለች» የሚለው ሐሳብ ቢመጣብዎት ይህንን ያስታውሱ።

ፀሐይዋ እዚያ አገር ደግ ናት። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ በርና መስኮቱን ይክፈቱ፣ የደረቀው አየር እርጥበቱን ይዞት ይወጣል። ፍራሹን፣ ጋቢውን፣ ብርድ ልብሱን ሁሉ ፀሐይ ላይ ያውጡ። የደረቀ ጋቢ ማታ ላይ ሌላ ጋቢ ነው የሚሆነው። ነገር ግን አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሁሉንም ያስገቡና ይዝጉ። ብዙ ቤት የማየው ፀሐይ እስክትጠልቅ ክፍት ሆኖ ነው፤ ቀን የገባው ሙቀት በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ያልቃል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለዎት እንጀራ የሚጋግሩበትን ሰዓት ይቀይሩ። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል፤ ከሂተርዎ ይበልጣል ማለት ነው። ጠዋት ሲጋግሩ ያ ሙቀት በበሩ ይወጣል። ወደ ማታ ቢጋግሩ ግን ለእንጀራው የከፈሉበት ሙቀት ቤቱንም ያሞቅልዎታል። እንፋሎቱ እስኪወጣ ትንሽ ከፍተው ከዚያ ይዝጉ።

ሂተሩን ጣሉት አልልም። ሕፃኑ ሲታጠብና ልብስ ሲቀየርለት ለሩብ ሰዓት ያብሩት፣ ከዚያ ያጥፉ። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ይሰኩት። 2,000 ዋት ማለት በ220 ቮልት ዘጠኝ አምፔር ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ቀጭን ኤክስቴንሽን ያንን ሲሸከም ይግላል፣ አልፎም ይቀልጣል። ከመኝታና ከመጋረጃ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። የወጥ ማብሰያ ስቶቭ አብርቶ እንደ ሂተር መጠቀምን ግን ፈጽሞ አልመክርም። ልጅ ያለበት ቤት ነው።

ስለ ሕፃኑ ልጨምር። እጁና እግሩ ቢቀዘቅዝ አይደንግጡ፤ ደረቱን ወይም ማጅራቱን ይንኩ። ደረቱ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ከተዝለፈለፈና ጡት ከተወ ልብሱን አውልቀው ከገላዎ ጋር አጣብቀው በጋቢ ይሸፈኑና ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሲተኛ ስስ ስስ ልብስ ደራርበው ያልብሱት። ከባድ ብርድ ልብስ ፊቱ ላይ እንዳይመጣ ይጠንቀቁ።

እናትዎን ደግሞ «በረደዎት?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። በዕድሜ የገፋ ሰው ብርዱ ቶሎ አይሰማውም፣ መንቀጥቀጡም ይቀንሳል። ንግግራቸው ከተሳሰረ፣ ግራ ከተጋቡ ወይም ያለ ወትሯቸው እንቅልፍ ከበዛባቸው ሆዳቸውን ይንኩ። ከቀዘቀዘ ያሙቋቸውና ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው። ማታ ሳይበሉ አይተኙ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ? ሥጋው ባይገኝ አጥሚት፣ ገንፎ ወይም የምስር ሾርባ ይሁን። ሰውነት የሚያሞቀን የበላነውን አቃጥሎ ነው። አረቄ ግን ይቅርባቸው። አረቄ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው የሞቀ ይመስላል፤ የውስጡ ሙቀት ግን በቆዳው በኩል እየወጣ ይሄዳል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ዛሬ ማታ ያለ ምንም ወጪ የሚሠሩት ብዙ ነው። ከሰሉ ውጭ ይውጣ፣ አንዱ ብርድ ልብስ ወደ ሥር ይውረድ፣ ካርቶኑ ይነጠፍ፣ በሩ ሥር ጨርቅ ይጋደም። የመጀመሪያው ብር ሲገኝ ለሙቅ ውሃ መያዣው ይሁን። ሁለተኛው ለኮርኒሱ።

ለኮርኒሱ አከራይዎን ማነጋገር አይቀርም። እርስዎ ሲወጡም ቤቱ ላይ የሚቀር ነገር ስለሆነ የሽቦውና የጣውላው ወጪ ከአንድ ወር ኪራይ እንዲቀነስ ይጠይቁ፤ ጉልበቱን እርስዎ ይቻሉ። ከተስማሙ ሁለት መስመርም ብትሆን በወረቀት ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ቆርቆሮው ላይ ምስማር እንደማይመቱም ቀድመው ይንገሩት። ብዙ አከራይ እምቢ የሚለው ጣሪያዬ ተበስቶ ክረምት ላይ ያፈስብኛል ብሎ ነው፤ እርስዎ የሚሠሩት ደግሞ ከግድግዳው ላይ ብቻ የሚያዝ ነው።